ፉጨት የሌለው አውሮፕላን

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለና ልብስ ለማድረቅ የሚመች። በቦታው የነበሩ፦ አባባ፣ እኔ፣ ልጄ፣ ጎረቤታችን ፍሬንና ድመቷ።

ውድ ወንድሜ፣ ደብዳቤ እንዲህ ሲጀመር አይተህ እንዳትደነግጥ። የሞተ ሰው የለም። እንዲህ ያስጀመሩኝ አባባ ናቸው። አውሮፕላንን የሚመለከት ጽሑፍ ቀኑን፣ አየሩንና በቦታው የነበረውን ሰው ሳይጠቅስ ከጀመረ ወሬ እንጂ ሪፖርት አይባልም ይላሉ። ድመቷን ያስገባኋት ግን እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርስበታለህ።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልግባ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ያዘኝ ያልከኝ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት? ትንሿ ልጅህስ ጥርስ አወጣች? በፎቶው ላይ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ሳያት የልጅነት ፊትህን ቁጭ አድርጋዋለች፤ ጆሮዋ ብቻ ነው ወደ እናቷ የሄደው፣ እሱም ተመስገን ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። ልጄ የስልክ መጠገኛው ሥራ ተስማምቷታል። እኔም ሶፋ ቤቱ ውስጥ ስፌቴን እየሰፋሁ አለሁልህ።

መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። «አባባ የጣሉት አውሮፕላኑን ሳይሆን እኔን ነው» ብለሃል። እስከ እሑድ ድረስ «ለበረራ ብቁ ነው» ካላሉህ፣ ዓመታት የለፋህበትን አውሮፕላን መሥሪያ ቤታችሁ ከሚያወጣው ጌም ውስጥ እንደምታስወጣው፣ ሁለተኛም ስለ እሱ እንዳላነሣብህ ጽፈሃል። ብዙ መናገር እንደማልወድ ታውቃለህ። ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩት ለዚሁ ነው። ፊደሌን ከዕቃ መጠቅለያና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የለቀምኩት ስለሆነ አንዳንዱ ቢጎብጥ ቅር አይበልህ። ስጨርስ ልጄ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። እስከ መጨረሻው አንብብና ከዚያ በኋላም ማዘን ካለብህ እዘን።

አባባ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ያንኑ ተዋጊ አውሮፕላን በኮምፒውተር ሠርተህ ስትልክላቸው ምን እንደጠበቅህ አውቃለሁ። እኔም የጠበቅኩት እሱኑ ነበር፤ ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይስቃሉ ብዬ። ልጄ ገመዱን ሁሉ ሰካክታ ቴሌቪዥኑ ላይ አውሮፕላኑ ብቅ ሲል እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉና «ወደ ግራ አዘንብሏል» አሉ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

እኔ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ መስሎኝ ካርቶን አጥፌ ከእግሩ ሥር አስገባሁ። አሁንም አዘንብሏል አሉ። ሌላ ካርቶን ጨመርኩ። ልጄ ዕቃዋን አስቀምጣ ስትመለስ ቴሌቪዥኑ ሊደፋ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አባባ ውሃ ልካቸውን ከሣጥን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ጠማማው ጠረጴዛው ሆኖ ተገኘ፤ በእኔ ካርቶን የተነሣ። ካርቶኑን ስናወጣ ጠረጴዛው ቀጥ አለ፣ አውሮፕላኑ ግን እንዳዘነበለ ቀረ። ልጄ ጠጋ ብላ ስታየው የግራ ጎማው አስፋልቱ ውስጥ ሰምጧል። አባባ «ጭቃ ውስጥ ቢሆን እሺ፣ አስፋልት ሲውጥ ግን አላየሁም። ጻፊ» አሉኝ። የመጀመሪያው ጉድለት ያ ነበር፤ አንተም ወዲያው አስተካከልከው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። አባባ አውሮፕላን ዙሪያውን ሳይዞሩ ሞተር እንደማያስነሡ ታውቃለህ። ልጄ በአንዲት ቁልፍ አውሮፕላኑን በስክሪኑ ላይ ማዞር እንደሚቻል ብታሳያቸውም «አውሮፕላን አይዞርም፣ ሰው ነው የሚዞረው» ብለው ጠረጴዛውን ከግድግዳ አስለቅቀው መሐል ክፍል አስቆሙት። እሳቸው ጠረጴዛውን ሲዞሩ ልጄ ቁልፏን ይዛ አውሮፕላኑን በእሳቸው ርምጃ ልክ ታዞራለች። ከፈጠነች «ቀስ፣ ክንፉ ጋ አልደረስኩም» ይሏታል። አሁን ምግብ የምንበላው ሳሕናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው፤ ጠረጴዛው የአየር ኃይል ሆኗል።

ወንበሩ ደግሞ ከሶፋ ቤቱ ያመጣሁት ባለ ጎማ ወንበር ነው። አባባ ከጌሙ ጋር የላክኸውን መሪ ሳብ ባደረጉ ቁጥር ወደ ኋላ ተንሸራትተው ምድጃው ጋ ይደርሳሉ። ስለዚህ ታኮ ይደረግበት አሉ። ከሶፋ እግር የተረፉ ሁለት እንጨቶች አምጥቼ ከጎማው ሥር ሸጎጥኩ። በማግስቱ ደግሞ «መታጠቂያ የሌለው የአብራሪ ወንበር ምን ይባላል» አሉ። ከአሮጌ ሻንጣ ቀበቶ ፈትቼ ጥሩ አድርጌ ሰፋሁላቸው። እንዲያውም ከመጠን በላይ ጥሩ አድርጌ ነው መሰለኝ የሰፋሁት፤ የዚያን ዕለት የመብራት ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ በር ሲያንኳኳ መቆለፊያው እምቢ ብሏቸው ወንበሩን በጀርባቸው ተሸክመው ከፈቱለት። ሰውዬው ወንበሩን አየ፣ አባባን አየ፣ ቆጣሪውን አንብቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በእኛ በር ሲያልፍ በሌላው ማዶ ነው የሚሄደው።

ሌላው ጉድለት መሬት ላይ ሰው አለመኖሩ ነው። «ታኮውን ማን አነሣው? መሰላሉን ማን ወሰደው? እንቅስቃሴውን ማን ይመራል? አብራሪው ብቻውን ከሰማይ ወርዶ ሰማይ ይወጣል እንዴ?» እያሉ ተብሰከሰኩ። አንተም ሰዎቹን ለመሥራት ጊዜ እንደሚፈልግ ስትጽፍልኝ አባባ «እስከዚያው አንቺ ቁሚ» አሉኝ። እንግዲህ ታላቅ እህትህ በየጠዋቱ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ በሁለት እጇ ሁለት ጭልፋ ይዛ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ትቆማለች። ሁለቱን ጭልፋ ወደ ላይ ሳነሣ ሞተር ይነሣል። ሳጣምራቸው ይጠፋል። አንድ ጊዜ ዝንብ ላባርር ብዬ ሳጣምራቸው አባባ ሞተሩን ድርግም አደረጉና «ምን አየሽ?» አሉኝ። ዝንብ ነው ብላቸው «በአውሮፕላን ፊት ለቀልድ እጅ አይነሣም» ብለው ተቆጡኝ።

የቀሩትን ጉድለቶች ታውቃቸዋለህ፤ በየማታው ልጄ ስትልክልህ ከርማለች። አብራሪው ወደ ታች ሲያይ እግር የለውም፤ አባባ «ፔዳሉን በምኑ ይረግጠዋል?» አሉ። ወፍ በክንፉ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ወፉም ምንም አይሆን ክንፉም። ጭሱ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ባንዲራው ወደ ምዕራብ ያውለበልባል። ደግሞም ዘይት አያንጠባጥብም። ከሁሉም የከበዳቸው ይህ ነው። «የዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን ካላንጠባጠበ ውስጡ ዘይት የለም ማለት ነው» ይላሉ። ከልምዳቸው የተነሣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆርቆሮ አስቀምጠዋል። አሁን ድመቷ ውሃ ትጠጣበታለች።

ሁሉም ግን ነቀፋ አይደለም ወንድሜ። ይህን ሌላ ሰው ስለማይነግርህ ልንገርህ። አንድ ቀን ዙሪያውን ሲዞሩ በመሰላሉ ሥር፣ የአብራሪዎቹ ጫማ ቀለሙን የሚልጥበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ልጄን «እዚህ አቁሚው» አሏት። በጣታቸው ስክሪኑን ነኩት። ልጅ ሳለህ ምሳቸውን ይዘህ ሃንጋሩ ድረስ ስትሄድ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጠህ የምትጠብቃቸው ቦታ ነው አሉ፤ ያን ጊዜ ጭረቱ ከራስህ በላይ ነበር። ከዚያ «ጻፊ፦ ጭረቱ ልክ ነው» አሉኝ። የጉድለት ወረቀት ላይ ልክ የሆነ ነገር ሲያስጽፉኝ እሱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

ስለ ፍሬንም ጥቂት ልጻፍ፣ አለበለዚያ ይቀየመኛል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስሙን ያገኘው ተሳፋሪን ሁሉ ከመቀመጫው አንሥቶ የፊተኛው ወንበር ላይ በሚለጥፈው የፍሬን አያያዙ ነው። አባባ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ ቀስ ብሎ ይገባና ወንበሩ ላይ ይወጣል። አባባ ሳይፈቅዱ አይበርም ብለው ከልክለዋል፣ እሱ ግን «አባባ የከለከሉት መብረሩን ነው፣ እኔ የምነዳው ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይነዳዋል። ከመታጠፉ በፊት መስታወት ያያል። ደመና ሲያጋጥመው ይቆማል፣ ማለቴ መቆም ስለማይችል ያማርራል። የጠላት አውሮፕላን ከኋላው ሲመጣበት ቀኙን ይዞ ያሳልፈዋል። ለምን አትተኩስም ብትለው «ከኋላዬ የመጣ ሁሉ ሲቸኩል አሳልፈዋለሁ፣ የሃያ ዓመት ልማዴ ነው» ይልሃል። ጠላቶችህ ደግሞ ተራራ አያዩም መሰለኝ፤ ያሳለፈው ሁሉ ፊት ለፊት ካለው ተራራ ጋር እየተላተመ ያልቅለታል። አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ጌሙ ጀግና ብሎ ሾመው። ነዳጁም ቢነዳ ቢነዳ አይጎድልም፤ «እንዲህ ያለ አውቶቡስ ቢሰጡኝ ጡረታ አልወጣም ነበር» አለኝ፤ ገና ጡረታም አልወጣም እኮ።

አንድ ቀን ታዲያ ያሳለፈው ጠላት ዞሮ መጣና የቀኝ ክንፉን ቆርጦ ጣለበት። ፍሬን አላወቀም፤ መስመሩን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባባ በዚያው ሰዓት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ከኋላው ቆመዋል። አንድ ክንፍ የጎደለውን አውሮፕላን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «በአንድ ክንፍ ከበረረ እኛ ዕድሜ ልካችንን ምን ስንጠግን ኖርን?» አሉ። ፍሬን በድንጋጤ ፍሬን ፈለገ። የለም። አባባ አልጮሁበትም። መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ወረቀቴን እንዳመጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ይኸውልህ፣ ይህ ሁሉ የሚስተካከል ነበር፤ አንተም አንድ በአንድ አስተካከልከው። እግሩን ሠራህለት፣ ወፉን ከለከልክ፣ ባንዲራውን አዞርክ። ያልተስተካከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፉጨቱ። አባባ እንደሚሉት የዚህ አውሮፕላን ሞተር ሲነሣ ከጩኸቱ በፊት እንደ መርፌ የቀጠነ ፉጨት ይወጣል። ፉጨቱ ሳይቆራረጥ ከወጣ የመሬት አለቃው እጁን ያነሣል፣ አብራሪው ይሄዳል። ካልወጣ እጅ አይነሣም፣ አዛዥ ቢመጣ አይነሣም። አባባ ሞተሩን ያስነሣሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ያጠፋሉ። «ፉጨት የለም። አይበርም።» አንተ ከእውነተኛው ሞተር የተቀዳ ነው ብለህ ምለህ ተገዝተህ ጻፍክ። እንደገና ከፍ አድርገህ ላክህ። ደግመህም ላክህ። እሳቸው የለም አሉ። የቅሬታህ ሁሉ ሥር ይህ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ላስታውስህ። ያን ሰሞን «ወንድሜ ፉጨቱን ረስቶታል» ብዬ ልጽፍ ስል አባባ ብዕሬን ያዙት። የጉድለት ወረቀት ላይ የሰው ስም አይጻፍም አሉኝ። «የዕቃው ስምና ያለበት ሁኔታ ብቻ ይጻፋል። ጥፋተኛ እየፈለግን አይደለም፣ አውሮፕላኑ እንዲበር ነው የምንፈልገው» አሉ። የጣሉህ ቢሆን ኖሮ ይህን አይሉም ነበር።

አሁን የዛሬውን ልንገርህ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስላየሁ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ብርድ ልብሱን ሁሉ አጠብኩ። ለሻይ ውሃ ጥጄ ጓሮ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ማንቆርቆሪያው ያ ሲፈላ የሚያፏጨው ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ፣ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰህ ስትሰድበው ነበር ያደግኸው። ገመዱ ላይ ብርድ ልብሱን ስዘረጋ ፍሬን በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ጎረቤት፣ አውሮፕላናችሁ ፉጨት ወጣለት መሰለኝ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ ድመቷ በመስኮት ወጥታ በራሴ ላይ ዘልላ ሄደች። እየሮጥኩ ገባሁ።

ማንቆርቆሪያው ውሃው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ቤቱ ሁሉ ፉጨት ነው። አባባ ከምድጃው በክንድ ርቀት ወንበራቸው ላይ ታጥቀው ተቀምጠዋል፣ ጆሯቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፈዋል። ስገባ አዩኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ዝም በይ፣ እያዳመጥኩ ነው» አሉ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ማንቆርቆሪያው ዝም አይልም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው፣ አሁንም የለም» አሉኝ።

ማንቆርቆሪያውን አወረድኩት። ሻይ ቀዳሁላቸው። ልብስ የማጥፍ መስዬ ከኋላቸው ቆምኩና በራሴ ድምፅ፣ በቀጭኑ፣ «አባባ» አልኳቸው። አልዞሩም። ትንሽ ከፍ አደረግሁት፤ አልዞሩም። ከዚያ ድምፄን እንደ ፍሬን አወፍሬ «አባባ» ስል ዘወር ብለው በጭንቀት አዩኝና «ምነው፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አሉኝ።

ለካስ ድመቷ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ሶፋ ሥር የምትገባው ፉጨቱን ጠልታ ነው። ለካስ ፍሬን ጆሮውን የሚይዘው ለዚያ ነው። ልጄም ከመጀመሪያው ቀን «እማዬ፣ ይሰማል እኮ» ብላኝ ነበር። እኔም እሰማ ነበር። ግን አባባ የለም ካሉ የምንሰማው ሌላ ነገር መሆን አለበት ብለን ተቀመጥን። ፍሬን እንኳ «የእኔ የአውቶቡስ ጆሮ ነው፣ ምን አውቃለሁ» አለ። በዚህ ቤት የአባባን ጆሮ አምነን ስላደግን፣ የሳቸውና የእኛ ጆሮ ሲጣሉ የገዛ ጆሯችንን ጣልን።

እንግዲህ አሁን ስልኩን አስብ። ልጅ ተወለደችልኝ ብለህ በደስታ ስትነግራቸው «እሱስ ያልፋል፣ ጠንከር በል» ያሉህን ቀን፤ ከዚያ ወዲህ አንተ «አባባ ይስጡኝ» ማለት ተውክ። ስልኩን ዘግተህ ስታበቃ እኔን ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ይህ ልጅ ወገቡን በደንብ መታየት አለበት» ነው ያሉኝ። እኔ ጆሯቸው ሥር ጮክ ብዬ ሴት ልጅ እንደተወለደችልህ ስነግራቸው «አውቃለሁ፣ ነገረኝ እኮ» አሉና ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ነፋስ ነው አሉ። የዚያን ዕለት ነፋስ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲደወል «ከአንቺ ጋር ያውራ» እያሉ ይሰጡኛል። እኔም እንደ አንተው ቅያሜ መስሎኝ ነበር። የማይሰሙትን ሰው ላለማስከፋት ነበር ስልኩን የሚሸሹት።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ባለፈው ዓመት የመስሚያ መሣሪያ ሰጥታቸው ነበር። ምንድን ነው ስላቸው «ለወደፊት ነው፣ ሳረጅ» አሉና የአዝራር ቆርቆሮዬ ውስጥ ከተቱት። እኔም አዝራር ስፈልግ ገፋ እያደረግሁት ነበር የምፈልገው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አወጣሁት፤ ልጄም ከሥራዋ ባትሪ ይዛለት መጣች። እንዴት እንደምሰጣቸው ግን ጨነቀኝ። ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው የኖረን ሰው ጆሮህ አይሰማም ብሎ የሚጀምር አፍ እኔ የለኝም። ብቻ የነገውን አስቤያለሁ። ነገ ጠዋት የማደርገውን ከዚህ በታች እጽፍልሃለሁ።

ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ደግሞም የስክሪኑን ብርሃን የሚቀንሰውን ነገር ፈልግላት። ፍሬን ሰላም ይልሃል፣ አውቶቡስም ሠርተህ እንድትልክለት ይለምንሃል፤ ፍሬኑ ይጠንክር ይላል። ድመቷ ሰላም አትልህም። ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የሰፋሁላት መጋረጃ አልቋል፣ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ። ትንሿን በሁለቱም እግሮቿ ሥር ሳምልኝ፤ እንዲህ የሳማት አክስቷ ናት ብለህ ንገራት። አንተም ወገብህን ጠብቅ።

ሁልጊዜ የምታስብህ እህትህ፣ ከቤት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ጠዋት። ሰማዩ እንደ ትናንቱ። በቦታው የነበሩ፦ አባባና እኔ፤ ድመቷ እስከ ሞተሩ መነሣት ድረስ። ይህ ሲደርስህ ስልክህን ከእጅህ አታርቅ።

ከአባባ ቀድሜ ተነሣሁ። ማንቆርቆሪያውን እንደ ወትሮው ጣድኩ። የጉድለቱን ወረቀት አወጣሁና ከፉጨቱ በታች እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የመስሚያ መሣሪያ፦ በቦታው አልተገጠመም።» የሰው ስም አልጻፍኩም። መሣሪያውን ወረቀቱ ላይ፣ ወረቀቱን ከመሪው ፊት አስቀመጥኩ። ሁለቱን ጭልፋዎች ይዤ ቦታዬ ላይ ቆምኩ።

አባባ መጡ። ጠረጴዛውን ዞሩ። ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ። አንዲት መስመር ለማንበብ ረጅም ጊዜ ወሰዱ። እኔ ጭልፋዎቹን አየሁ። አባባ በአውሮፕላን ሥራ ላይ አልተገጠመም ተብሎ የተጻፈን ነገር ሳይገጥሙ አልፈው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህን ማን ጻፈው?» አሉ። ድምፄን አወፍሬ «ስም አይጻፍም» አልኳቸው። በከንፈራቸው ፈገግ አሉ፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። መሣሪያውን አነሡ፣ አገላብጠው እንደ ብሎን መረመሩት፣ «አሠራሩ ደህና ነው» አሉና ጆሯቸው ላይ ገጠሙት።

ጭልፋዎቹን አነሣሁ። ሞተሩ ተነሣ። ድመቷ ሄደች። አባባ ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አላስጠጉም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ፉጨቱ እንደ መርፌ ቀጥኖ መጣ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ከወንበሩ ተነሡ፣ ጭልፋዎቹን ከእጄ ተቀበሉና «ተቀመጪ» አሉኝ። እኔ ወንድሜ መኪና እንኳ ነድቼ አላውቅም። «መካኒክ ይሞክራል እንጂ አያበርርም። አንድ ሰው ማብረር አለበት፣ ከአንቺ ሌላ ሰው የለም» አሉ። ተቀመጥኩ። በሰፋሁት ቀበቶ አስታጠቁኝ። በዚያ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው ታኮውን ከጎማዬ ሥር ሳቡ። ወደ ጎን ቆሙና እጃቸውን አነሡ።

«ጻፊ» አሉኝ፤ እጄ መሪው ላይ ስለሆነ በቃሌ ያዝኩት። ለበረራ ብቁ ነው፤ ዘይት አለማንጠባጠቡ ግን ይታረም።

ነዳጅ መስጫውን ገፋሁ። መሬቱ ሮጠ፣ ከዚያ መሬቱ ጠፋ። እንዴት ነው የማርፈው ብዬ ብጮህ «እሱ የአብራሪው ጉዳይ ነው፣ የእኔ ሥራ እስከዚህ ነው» አሉኝ። በዚህ መሐል ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ። ልነሣ ስል ቀበቶው እምቢ አለ። አባባ ራሳቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። «ውሃው ፈልቷል» አሉ። ጭልፋዎቹን አስቀምጠው ራሳቸው ሄደው አወረዱት።

መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ቀጥ ብዬ በረርኩ። አባባ ከምድጃው ጋ ሆነው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ አንተ ጋ አሁን ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደ ወትሮዬ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።

«ምን ያስጮኽሻል፣ እሰማለሁ እኮ» አሉኝ።

ድምፄን ቀንሼ ደገምኩላቸው።